የማላስዘጋው አካውንት

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል። ከቁይ ገጠር የመጣች፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ኢንተርኔት ቤት ምን ታደርጋለች ይላል። እኔም ስገባ የገባሁት ወለል ልጠርግ ነው። አሁን ቤቱ ተዘግቷል፤ በሩ ላይ የስልክ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሎበታል። በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ሥራ ከፈታሁ ወዲህ የሠራሁትንና ያየሁትን ሰው በማውቃት ፊደል ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ከመጀመሪያው እንድታውቁልኝ የምፈልገው ግን አንድ ነገር አለ። ልጄ መቅደስ ዓረብ አገር ናት። ከጥምቀት ወዲህ ከእሷ አንድ ቃል አላገኘሁም። ስለ ሥራዬ ስጽፍ ስለ እሷም የምጽፈው ያ ሥራና የልጄ ነገር መጨረሻ ላይ አንድ ስለሆኑብኝ ነው።

ባሌ ሲሞት መቅደስ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። መሬቱን ለወንድሞቹ ትቼ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። አበልጄ አልጋነሽ ቀድማኝ ገብታ ነበርና እሷ ቤት አረፍኩ። አልጋነሽ ልጄን ክርስትና ያነሣች ሴት ናት፤ አፏ ፈጣን፣ ልቧ ሰፊ። ሥራውንም ያገኘችልኝ እሷ ናት።

«መናኸሪያው አጠገብ አንድ ነጋዴ ኮምፒውተር ቤት ከፍተዋል፤ የሚጠርግ ይፈልጋሉ፤ ሂጂ» አለችኝ።

«ኮምፒውተር ደግሞ ይጠረጋል?»

«ወለሉን ነው አንቺ።»

ሰውየው ጋሽ ኑሩ ይባላሉ። ደጀን ተወልደው ያደጉ የነጋዴ ልጅ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። ጨርቅ መሸጥ ትተው ኮምፒውተር ሲገዙ ዘመዶቻቸው አብደዋል ብለው ነበር አሉ። እኔ በገባሁበት ጊዜ ቤቱ ይሞላ ነበር። ተማሪ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ልጁ ውጭ አገር ያለ፣ ሁሉም ይመጣል። እኔ በጠረጴዛው ሥር እየጠረግሁ እሰማለሁ። ሰው የሚጠይቀው ነገር ደግሞ ያው ነው፤ በየቀኑ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠየቃል፣ ጋሽ ኑሩም ተመሳሳይ መልስ ይመልሳሉ። የቅዳሴ ተሰጥኦ ሰምቶ እንደሚያጠና ሰው ሳላስበው አጠናሁት።

አንድ ቀን የድጓ መምህር የሆኑ አባት መጡ። ከጥንት ብራና የተነሣ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አለ ብለዋቸው ሊያዩ ነው። ገጹ ተከፈተላቸው፤ ጋሽ ኑሩ ሶላት ሊሰግዱ ወደ ጓዳ ገቡ። የኔታ ጥቂት አፍጥጠው «አላየሁትም፣ ደክሜያለሁ» ብለው ሊነሡ ሆነ። መጥረጊያዬን አስቀመጥኩና ኮንትሮል የሚሉትን ቁልፍ ይዤ የመደመር ምልክቷን ነካሁ። ፊደሉ አደገ። ደግሜ ነካሁ፤ አደገ።

«ምን አደረግሽው?» አሉ የኔታ።

«አሳደግሁት።»

«እስቲ አሳንሺው።» አሳነስኩት። «መልሺው።» መለስኩት። «እኔ ለዚህ ዓይን መነጽር ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄጃለሁ እኮ» አሉ።

ዞር ስል ጋሽ ኑሩ ከኋላዬ ቆመዋል። የተቆጡ መስሎኝ መጥረጊያዬን አነሣሁ።

«ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ሲናገሩ ሰምቼ ነው ጋሼ።»

«እንግዲህ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው መስጠታችን ነው» አሉ። ደሞዜም ትንሽ ከፍ አለ።

ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። የሥራ አመላቸው እንደ ሃይማኖት የጠነከረ ነበር። ደንበኛ ፓስወርድ ሊጽፍ ሲል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። ዘመዳቸው ቢሆን፣ ሕፃን ልጅ ቢሆን፣ ያው ነው። እኔንም አስለመዱኝ፤ እኔ ፊቴን ሳዞር ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነባለሁ። የደንበኛን ማውስ አይነኩም። በቃል ነው የሚያስተምሩት። «ወደ ቀኝ ሂድ። ወደ ላይ። ሦስቷን ነጥብ አየሃት? እሷን ንካት።» ሰው ይሰለቻል፤ «እርስዎ ቢነኩት አይፈጥንም?» ይላቸዋል። «ይፈጥናል። ነገ ግን ደግሞ እኔ ጋ ትመጣለህ» ይላሉ፣ የራሳቸውን ገበያ እየገፉ።

ብሮውዘሩ ፓስወርዱን ላስታውስልህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እሺ ይላል። ጋሽ ኑሩ ከሩቅ ሆነው «አይሆንም በለው» ይላሉ። «እዚህ ቤት ውስጥ ማንም የማንንም አያስታውስም።» ሰው ሊሄድ ሲነሣ ደግሞ በር ላይ ቆመው ከአካውንትህ ወጥተሃል ወይ ይሉታል። ወጥቻለሁ ካለ «ተመለስና አሳየኝ» ነው። አንዳንዱ ይናደዳል። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ጋሼ፣ ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትመረምረኝም» ብሏቸው ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

ሰው ምን ምን ችግር ይዞ እንደሚመጣ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አንዲት ጠላ ሻጭ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ አመጣች። በየደቂቃው የራቁት ሥዕልና የቁማር ማስታወቂያ ይወጣበታል። ጋኔን ገብቶበታል ብላ ጸበል ረጭታበታለች።

«ጸበሉ ደግ ነው» አሏት ጋሽ ኑሩ፣ «መጀመሪያ ግን ይድረቅ።»

ከደረቀ በኋላ ብሮውዘሩን ከፍተን ማስተካከያው ውስጥ ገባን። ባየችው ገጽ ሁሉ «ፍቀድልኝ» የሚል ሲወጣባት እየነካች፣ ለማታውቀው ሁሉ መልእክት እንዲልክባት ፈቅዳለች። አንድ በአንድ ፈቃዳቸውን እንድትሰርዝ አደረግኋት። ዝርዝሩ እየወረደ እየወረደ ሲሄድ ስታይ ድምጿ ቀነሰ። «ይኼ ሁሉ ሰው እኔ ቤት ገብቶ ነበር?» አለች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ጋሽ ኑሩ ቁይ ላይ ሁለተኛ ቤት ከፈቱ፤ አገርሽ ነው ብለው እኔን ሹመው ላኩኝ። ሹመቱ አንዲት ጠባብ ክፍልና ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረች። የገበያ ቀን ሰው ይጎርፋል፤ ኔትወርኩ ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው። ገጹ እስኪከፈት ሰው እህሉን ሸጦ ይመለሳል። እዚያ ነው ሥዕል መከልከልን የተማርኩት። ብሮውዘሩን ሥዕል አታምጣ ስትሉት ቃሉን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ይፈጥናል። ኔትወርኩ ደህና በሚሆንበት በማለዳ ሰው የሚፈልገውን የሥራ ማስታወቂያና የፈተና ውጤት ገጽ ሁሉ አውርጄ አስቀምጣለሁ፤ መስመሩ ሲጠፋ ከዚያ ላይ አነብላቸዋለሁ።

አንድ ገበሬ ልጁ ለመምህርነት ያመለከተበትን ውጤት ሊያይ መጣ። ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። በገጽ ውስጥ ቃል መፈለጊያ አለ፤ ኮንትሮልንና ኤፍን መጫን ነው። «ኃይለማርያም» ብዬ ጻፍኩ። የለም አለ። ሰውየው ዱላውን አንሥቶ ወደ በሩ ዞረ።

«ይቆዩ አባባ፣ ኃይለማርያም ማን?»

«ደምለው። እኔ ነኝ ደምለው።»

ስም ጻፊ ሁሉ ሃውን እንደፈለገው ነው የሚጽፈው፤ ኮምፒውተር ደግሞ አንዱን ሃ ከሌላው ይለያል። ጋሽ ኑሩ ሞክሼ ፊደል የሌለበትን ስም ፈልጊ ብለው አስተምረውኛል። «ደምለው» ብዬ ስጽፍ ብዙ ደምለው መጣ፤ ከመካከላቸው የእሱ ልጅ አለ። አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፤ ግን ጣቱን ስሙ ላይ አኖረ።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

ጣቱን ቶሎ አላነሣውም። እኔም ቀጣዩን ደንበኛ ቆይ አልኩት። በሥራ ዘመኔ ደስ ያለኝ ቀን ቢሉኝ እሱን ነው የምናገር።

የመከራዬም ሥር የተተከለው እዚያው ቁይ ነው። ሰው ፓስወርዱን ይረሳል። የዛሬ ሳምንት የከፈትንለት የመልእክት አካውንት ውስጥ ዛሬ መግባት አይችልም። ወረቀት ላይ እንዳይጽፉት ጋሽ ኑሩ ይከለክላሉ። የልጅ ስም፣ የበሬ ስም እንዳይሆን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ጋሽ ኑሩ ሊጎበኙኝ መጥተው ሳለ አንዲት ሴት እንዲህ አለች፦

«እኔ የማልረሳው፣ ሰውም የማያውቀው ስም አለኝ። የክርስትና ስሜ።»

ጋሽ ኑሩ ነገሩን አያውቁትም ነበር፤ ጠየቋት።

«ጎረቤትሽ አያውቀውም?»

«ምን በወጣው።»

«ታዲያ ማን ያውቀዋል?»

«እናቴ፣ የክርስትና እናቴ፣ የንስሐ አባቴ።»

«ባልሽስ?»

«ቢሰማውም ረስቶታል።»

ጋሽ ኑሩ ሳቁ፤ በጣም ወደዱት። ቁጥር ይጨመርበት ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ የታቦቱን ቀን ጨመረ፤ ለሚካኤል አሥራ ሁለት፣ ለማርያም ሃያ አንድ፣ ለጊዮርጊስ ሃያ ሦስት። ማንም አልረሳም። ከዚያ ወዲህ በቁይም በማርቆስም በቤታችን የተከፈተ አካውንት ሁሉ የሚቆለፈው በክርስትና ስም ሆነ። የመቅደስም እንደዚያው ነው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ሌላው ሁሉ ቢያውቀውም እኔ አልጽፈውም።

ቁይ መብራቱም ኔትወርኩም እምቢ ሲል ቤቱ ተዘጋ፤ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። መቅደስ አሥራ ሁለተኛን ተፈትና ሳይመጣላት ቀረ። አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠች። ከዚያ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ አገኘች። ለመንኳት፤ አልጋነሽም ለመነቻት።

«እማ፣ አንቺ ከገጠር ስትወጪ ማን ከለከለሽ?» አለችኝ።

መከልከል ሲያቅተኝ የማውቀውን ሰጠኋት። ሌላ ምን አለኝ? የምትሄድበት ቤት ስልኳን እንደሚቀሙባት ከተመለሱት ልጆች ሰምቻለሁ። ስለዚህ ደንበኛ በሚቀንስበት ሰዓት ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬ አለማመድኳት። ብሮውዘር ውስጥ የምስጢር ገጽ አለ፤ ሲከፈት ይጠቁራል፤ እኛ ቤት ጥቁሩ መስኮት ነው የምንለው። እዚያ የሠራችሁት ሲዘጋ ዱካው አይቀርም። በሰው ስልክ ይሁን በሰው ታብሌት፣ ጥቁሩን መስኮት ከፍታ፣ ገብታ፣ ጽፋ፣ ወጥታ፣ ዘግታ፣ ዕቃውን እንደነበረ ማስቀመጥ ነው።

«ገባኝ እኮ እማ።»

«ድገሚው።»

«ደገምኩት።»

«አሁን ደግሞ እኔ እመቤትየዋ ነኝ፤ በሩን ልከፍት ነው። ድገሚው።»

«ወታደር ነው እንዴ የምትልኪው?» ብላ ሳቀች። ግን ደገመችው። ጣቶቿ ከእኔ ይፈጥናሉ። ጋሽ ኑሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠው ነበር፤ ስንጨርስም ወዲያው አልዞሩም።

ከሄደች በኋላ እንደፈራሁት ስልኳን ወሰዱባት። እንዳስተማርኳት ግን አደረገች። ዓርብ ዓርብ ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ የልጆቹን ታብሌት ታነሣለች። መልእክቷ አጭር ነው። «እማ ደህና ነኝ። ልዘጋ ነው።» አንዳንዴ «እማ ሽሮ አማረኝ።» አንዳንዴ እኔም በዚያው ሰዓት ገብቼ አገኛታለሁ፤ ሁለት ሦስት ቃል እንባባላለን። የሞባይል ዳታ በጠፋበት ጊዜ የእኛ ቤት የሽቦ መስመር ነበረውና እናቶች ከየገጠሩ መጥተው ደጃችን ላይ ተሰለፉ። የልጆቻቸውን መልእክት አነብላቸው ነበር። «ደህና ነኝ ይላል» ስላቸው «ደግመሽ አንብቢው» ይሉኛል። እኔም የራሴን ብቻዬን ደግሜ አነባለሁ።

ባለፈው የገና ጾም መቅደስ ወገቤን አሞኛል ብላ ጻፈች። በተከታዩ ዓርብ መቆም አቃተኝ አለች። ሐኪም ቤት አልወሰዷትም። ሮጬ አልጋነሽ ጋ ሄድኩ፤ ተያይዘን አለቀስን። እኔ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፤ አልጋነሽ ስልኳን አወጣች።

ይህን ሳወራ አልጋነሽን አትፈርዱባትም፤ እኔም አልፈርድባትም። ልጅ ሲታመም በክርስትና ስሙ ነው የሚጸለይለት። ዛሬ ደግሞ ሰው ለጸሎት የሚለምነው ስልክ ላይ ነው። የመቅደስን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አወጣች፣ ሥሩም ላይ «ልጃችን በስደት አገር ታማብናለች፤ በጸሎታችሁ አስቡልን» ብላ የክርስትና ስሟን ጻፈች። ያ ስም ደጃችን ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ መሆኑ በሐሳቧም አልመጣ። ብዙ ሰው አሜን አለ፣ ይማራት አለ፣ የማናውቀው ሰው ሁሉ አለቀሰላት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንዱ፣ የቤታችንን ልማድ የሰማ ይሆናል፣ ለሌላ ነገር አነበበው። ስሙንና የታቦቱን ቀን አጋጥሞ ሞከረ፤ ተከፈተለት። ሌባው የእኛው ሰው መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው። ባዕድ ቢሆን የታቦት ቀን ከየት ያውቃል?

ከጥምቀት በኋላ ከመቅደስ አካውንት መልእክት መጣልኝ። «እናቴ እንደምን ሰነበትሽ፣ ካርድ ላኪልኝ፣ ቸግሮኛል» ይላል። መቅደስ እናቴ ብላኝ አታውቅም። የሱቁ ወንበር ላይ እንዳለሁ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። በድሮው ፓስወርድ ልግባ አልኩ፤ ተቀይሯል።

ጋሽ ኑሩን ጠራሁ። መጡ፤ የሰው ማውስ የማይነኩት ሰው ማውሱን ከእጄ ወሰዱ። ረስቻለሁ የሚለውን ሞከሩ። መክፈቻ ቁጥር የሚላከው መቅደስ እዚህ ሳለች በያዘችው ስልክ ነው፤ ደወልን፤ ሌላ ሰው አነሣው፤ ቁጥሩ ለሌላ ተሰጥቷል። በኢሜይሏ ሞከሩ፤ እሱም በዚያው ስም ተቆልፎ ኖሮ ተወስዷል። ላብ ሲያጠምቃቸው አየሁ። በመጨረሻ ማውሱን ለቀቁና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ያ ስም ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ ዘንድ የለማ። ከሰው የተሰወረ ስም ሲሉኝ በቃ ደህና ነው አልኩ።»

ከዚያ አንድ የቀራቸውን መንገድ ነገሩኝ። አካውንቱ ተሰርቋል ብለን እናመልክት፤ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ያመልክት፤ ይዘጋል። ሌባው ሰው አያታልልበትም። ለሌላ ደንበኛ ቢሆን እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ለስንቱ አድርጌዋለሁ።

«ከተዘጋ መቅደስ የት ታንኳኳለች?» አልኳቸው።

ማውሱን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

አዲስ አካውንት ትክፈት ትሉ ይሆናል። አዲስ ሲከፈት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ እሷ ስልክ የላትም፤ ያላት በልጆቹ ታብሌት ላይ የምትሰርቃት ትንሽ ጊዜ ናት። ደላላው ስልኩን አጥፍቷል። የምታውቀው በር አንድ ነው፤ እኔ ያሳየኋት በር። በዚያ በር ቆማ የድሮውን ቁልፍ ታስገባለች፤ እምቢ ይላታል። ወገቧን ይዛ እንደቆመች ነው የሚታየኝ። በሩን እኔው በእጄ ላስፈርሰው?

አልጋነሽ ግን ልትበላኝ ደረሰች። ሌባው ለእሷ ዘመዶች ሁሉ በመቅደስ ስም እየጻፈ ካርድ ይለምናል፤ አንዲት ምስኪን አክስቷም ልካለች።

«አስዘጊው! በልጄ ስም ሰው ሲዘረፍ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ?»

«ለሁሉም ደውዬ አትመኑት ብያለሁ።»

«ያልደወልሽለትስ?»

«አልጋነሽ፣ አላስዘጋውም።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት አይደል? እሱን ነው የምትይኝ።»

«አላልኩሽም።»

«በልብሽ ውስጥ አለ» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ስሄድ ትቀበለኛለች፤ ግን ስለ መቅደስ አናነሣም።

ጋሽ ኑሩም ከዚያ በኋላ ልባቸው ከሥራው ወጣ። ሰው ሁሉ ስልክ ይዟል፤ ወደኛ የሚመጣ ቀንሷል፤ ልጆቻቸው ደጀን ይምጡና ይረፉ ይሏቸዋል። ቤቱን ዘግተው የሄዱ ቀን በክርስትና ስማቸው የሚገቡ የቆዩ ደንበኞቻችንን ሁሉ እያስጠራሁ ፓስወርዳቸውን እንዳስቀይር አደራ ብለውኝ ሄዱ። አደረግሁት። በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ «ያ ስም ይቀየር» አልኩ። ለምን ሲሉኝ አልነግራቸውም፤ ፊቴን አይተው እሺ ይላሉ። ሱቅ ሳይኖረኝ የሠራሁት የመጨረሻ ሥራዬ ያ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሰው በተሳሳተ ፓስወርድ ለመግባት ሲሞክር ለአካውንቱ ባለቤት ማስጠንቀቂያ እንደሚደርሰው ከሥራዬ አውቃለሁ። ከየት አገር እንደተሞከረም ይጽፋል። የመቅደስ አካውንት ባለቤት አሁን ሌባው ነው። ልጄ በሕይወት ቆማ ማንኳኳቷን ከፈጣሪ በታች የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

በመቅደስ አካውንት በኩል ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ የልጅቷ እናት ነኝ። አካውንቱን መልስ አልልህም፣ አላስዘጋብህም። ሰው ሊገባ ሲሞክር ብቻ ንገረኝ።» አልመለሰም። በየቀኑ ጻፍኩ። አልረገምኩትም፤ መርገም አምሮኝ ነበር።

አንድ ቀን መለሰ። «ፖሊስ ነሽ?»

«ፖሊስ ብሆን እንዲህ ፊደል እየገደፍኩ እጽፍልህ ነበር?»

ለብዙ ጊዜ ጠፋ። አንድ ዓርብ መናኸሪያው ጋ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ሰው ሞክሯል» ይላል።

«መቼ?»

«አሁን። ደጋግሞ ሞክሮ ተወ።»

«ከየት አገር ይላል?»

የአገሩን ስም ጻፈ። የልጄ አገር ነው፤ ማለቴ ያለችበት። እዚያው መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። አንድ የሚኒባስ ረዳት «እናቴ፣ ምን ሆኑ? አሞዎት ነው?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። እንዲህ ያለ ደህንነት ለማንም አይስጥ።

«እባክህ፣ ለአንድ ዓርብ ብቻ የድሮውን ፓስወርድ መልስላት» አልኩት።

«አይሆንም። ታስወጪኛለሽ።»

እውነቱን ነው፤ አስወጣው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። አንዳንዴ «አዎ» ይላል። ያን ቀን እህል ይበላኛል። አንዳንዴ ምንም አይመልስም፤ ያን ቀን አላየውም ይሆናል ብዬ ራሴን አታልላለሁ። አልጋነሽ ይህን ሰምታ «ከሌባ ጋር ዝምድና ጀመርሽ» አለችኝ። ልክ ናት። እኔ ግን ከልጄ ደጅ የቆመ ሌላ ሰው የለኝም።

ያለፉትን ዓርቦች መልሱ ተቀይሯል። «የለም» ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለውም «የለም» አለ። ሰልችቷት ይሆናል፤ ታብሌቱን ደብቀውባት ይሆናል፤ ወገቧ ብሶባት ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለውን ይሆናል አልጽፈውም።

ትናንት ዓርብ ነበር። ገና ሳልጠይቀው እሱ ቀድሞ ጻፈልኝ። «ዛሬም የለም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ቆይቶ፣ «አልተኛሁም፤ ስጠብቅ ነበር» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ «እሺ ወንድሜ፣ የሚመጣውንም ዓርብ አደራ» ብዬ ላክሁለት።